‹‹እማማ፣ ቁጭ ይበሉ›› ማለት ሁልጊዜ አክብሮት አይደለም

ባለፈው ጥር ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰምቼ ከእንቅልፌ ነቃሁ። አያቴ ከመኝታ ቤታቸው ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ኮሪደሩ ላይ ወድቀው ኖሯል። መብራት ሳበራ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ‹‹ምንም አልሆንኩም ልጄ። እናትሽን እንዳትቀሰቅሻት፣ ማልዳ ሥራ ትገባለች›› አሉኝ። በማግስቱ ራጅ ሲነሱ የግራ እጃቸው አንጓ ተሰንጥቆ ተገኘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ አዲስ ሕግ ወጣ፦ እማማ አይነሱም። ውሃ ሲፈልጉ ውሃው ይመጣላቸዋል። ስልክ ሲጠራ ስልኩ ይመጣላቸዋል። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፣ ሲኒውን ወንድሜ ያጥባል። ቅዳሴው በዩቲዩብ ሆነ። እንግዳ መጥቶ ሊነሱ ሲሞክሩ ሁላችንም በአንድ አፍ ‹‹ኧረ በማርያም፣ ቁጭ ይበሉ!›› እንላለን። ሕጉን ከሁሉም በላይ የማስከብረው እኔ ነበርኩ። የነርሲንግ ተማሪ ነኛ!

አራት ወር ሳይሞላ አያቴ ከሶፋ ለመነሳት የሰው እጅ መፈለግ ጀመሩ። ድሮ ቀጥ ብለው የሚሄዱበትን ሳሎን ግድግዳ እየዳበሱ ይሻገሩት ጀመር። አንድ ቀን ‹‹እግሬ ረሳ መሰለኝ›› አሉኝ። ያን ጊዜ ስቄ አለፍኩት። አሁን ሳስበው የዓመቱ ትክክለኛ ምርመራ እሱ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ማለት የምፈልገው አጭር ነው። እኛ ቤት ተሳስተን ነበር፤ ብዙዎቻችሁም ቤት ውስጥ ያው ስህተት በአክብሮት ስም እየተሠራ ይመስለኛል። ሽማግሌን ከመንቀሳቀስ መከልከል ከመውደቅ አያድንም። እንዲያውም ለሚቀጥለው ውድቀት ያዘጋጃል። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለማየት ሰው እንዴት ቆሞ እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነገሩ የገባኝ ክፍል ውስጥ ነው። መምህራችን ሁላችንንም አስነስታ ‹‹እግራችሁን ግጠሙና ዓይናችሁን ጨፍኑ›› አለችን። ሃያ ዓመት የሆነን፣ ጤነኛ የምንባል ልጆች እንደ ሸምበቆ መወዛወዝ ጀመርን። ይህ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊ ሐኪም ከሞሪትዝ ሮምበርግ ስሙን ያገኘ ምርመራ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ቀጥ ብሎ መቆም ራሱ ሥራ ነው። ቆመን ዝም ያልን ሲመስለን ሰውነታችን ያለማቋረጥ ወደፊትና ወደኋላ ያዘነብላል፤ አንጎላችንም ያለማቋረጥ ይመልሰዋል።

አንጎል ይህን የሚያደርገው በሦስት መልእክተኞች ወሬ ነው። አንደኛው ዓይን ነው። ሁለተኛው ውስጠኛው ጆሮ ነው። በእያንዳንዱ ጆሯችን ውስጥ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች አሉ፤ ጭንቅላት ሲዞር ያውቃሉ። አጠገባቸው ደግሞ ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠሮች የተሸከሙ ሁለት ከረጢቶች አሉ፤ እነሱ ደግሞ ማዘንበልንና የመሬት ስበትን ይለያሉ። ሦስተኛው መልእክተኛ ከጡንቻ፣ ከጅማት፣ ከመገጣጠሚያና ከውስጥ እግር ቆዳ የሚመጣው ስሜት ነው። ሳናይ እጃችን የት እንዳለ፣ ጉልበታችን ምን ያህል እንደታጠፈ የምናውቀው በዚህ ነው። በሙያው ቋንቋ ፕሮፕሪዮሴፕሽን ይባላል። እኔ ‹‹የአካል ወሬ›› እለዋለሁ።

እስኪ እናንተም አሁን ሞክሩት። ስልካችሁን ሳታንቀሳቅሱ፣ ጭንቅላታችሁን ቶሎ ቶሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞራችሁ ይህን መስመር አንብቡ። ይነበባል። አሁን ደግሞ ጭንቅላታችሁን አቁማችሁ ስልኩን በዚያው ፍጥነት አወዛውዙት። ፊደሉ ይደባለቃል። ጭንቅላት ሲዞር ውስጠኛው ጆሮ ለዓይን ጡንቻዎች መልእክት ይልካል፤ ዓይንም በዚያው ልክ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሰከንድ አንድ መቶኛ ገደማ ውስጥ ነው። ስልኩ ሲወዛወዝ ግን ጆሮ የሚያውቀው ነገር የለም።

የአካል ወሬ ቢጠፋስ? እ.ኤ.አ. በ1971 ኢያን ዋተርማን የተባለ የ19 ዓመት እንግሊዛዊ፣ በሥጋ ቤት የሚሠራ ወጣት፣ ታሞ ሲነሳ ከአንገቱ በታች የመዳሰስና የአካሉን አቀማመጥ የማወቅ ስሜቱን አጥቶ ተገኘ። ጡንቻዎቹ ደህና ነበሩ። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮችም ደህና ነበሩ። የጠፋው ተመልሶ የሚመጣው ወሬ ብቻ ነው። ግን መቀመጥ እንኳ አቃተው። ከብዙ ወራት ልፋት በኋላ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በዓይኑ እየተከታተለና እያሰበ መራመድን እንደገና ተማረ። ችግሩ መብራት በድንገት ሲጠፋ ነው፤ ያን ጊዜ ይወድቃል። ሐኪሙ ጆናታን ኮል እ.ኤ.አ. በ1991 ታሪኩን በመጽሐፍ አሳትሞታል። ይህን ሳነብ አያቴ የወደቁበት ጨለማ ኮሪደር ፊቴ ላይ መጣብኝ።

አንጎል ሦስቱን መልእክተኞች እኩል አይሰማም። እንደ ሁኔታው አንዱን ያስበልጣል። በሙያው ጽሑፎች ደጋግሞ በሚጠቀስ ግምት መሠረት፣ ጤነኛ ሰው ጥሩ ብርሃን ባለበት ጠንካራ ወለል ላይ ሲቆም ወደ 70 በመቶ የሚታመነው በአካል ወሬ ነው፤ 20 በመቶ በውስጠኛው ጆሮ፣ 10 በመቶ በዓይን። ወለሉ ሲለሰልስ ወይም ብርሃን ሲጠፋ ግን አንጎል ሚዛኑን ይቀይራል፤ የተሻለ ወሬ ወደሚያመጣው ያደላል። ወጣት ሰው ይህን ቅያሬ ሳያውቀው ያደርገዋል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ቅያሬው ይዘገያል፤ መልእክተኞቹም ይደክማሉ።

አያቴ የስኳር ሕመም ካለባቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ከረጅሞቹ ነርቮች ይጀምራል፤ ረጅሞቹ ደግሞ እግር ድረስ የሚወርዱት ናቸው። ከእሳቸው ጋር ሐኪም ቤት ስሄድ ነርሷ አንድ ቀጭን የናይለን ክር ውስጥ እግራቸው ላይ እየነካች ‹‹ሲሰማዎት ይንገሩኝ›› አለቻቸው። እኔ እያየሁ ነው። ክሩ አውራ ጣታቸውን ነካ፤ ዝም። ተረከዛቸውን ነካ፤ ዝም። አያቴ ‹‹መቼ ነው የምትጀምረው?›› ብለው ጠየቁኝ።

እንግዲህ ያቺን ሌሊት እንደገና እንያት። ጨለማው ዓይንን ወስዶታል። ስኳሩ የእግርን ወሬ ወስዶታል። ወፍራሙ ምንጣፍና የላላው ነጠላ ጫማ የቀረችውንም ትንሽ ስሜት አድበስብሰዋታል። የ76 ዓመት ሴት በአንድ መልእክተኛ ብቻ፣ እሱም ባረጀው ጆሮ፣ ኮሪደር ሲሻገሩ ነበር። የሚገርመው መውደቃቸው አይደለም፤ እስከዚያ ቀን አለመውደቃቸው ነው።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? ከብርሃኑ፣ ከምንጣፉና ከጫማው አንዱንም አልነካንም። የከለከልነው መንቀሳቀስን ነው። አንጎል ደግሞ የሚማረው በመንቀሳቀስ ነው። ሙሉ የመሰላችሁን ጀበና ስታነሱ ባዶ ሆኖ እጃችሁ ወደላይ ተስፈንጥሮ ያውቃል? አንጎላችሁ ክብደቱን አስቀድሞ ገምቶ ኃይሉን አዘጋጅቶ ስለነበር ነው። እንቅስቃሴ ሁሉ እንዲህ ነው። አንጎል ይገምታል፣ ያዛል፣ ከዚያ የሚመጣውን ወሬ ከግምቱ ጋር ያስተያያል፤ ልዩነት ካለ ያርማል። በዚህ እርማት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል ነው። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ የሚውል ሰው ግን አይገምትም፣ አይሳሳትም፣ አይታረምም። ጡንቻው ይመነምናል፣ ግምቱም ያረጃል። ‹‹እግሬ ረሳ›› ያሉት ይህንን ነው።

አገር ቤት ሳሉ አያቴ ስፖርት የሚባል ነገር ሠርተው አያውቁም። ግን ቀናቸውን አስቡት። ቡና ለማፍላት በርጩማ ላይ መቀመጥና ከበርጩማ መነሳት፤ ይህ እዚህ ፊዚዮቴራፒስት ገንዘብ ተከፍሎት የሚያሠራው ልምምድ ነው። ኮረኮንች ላይ ወደ ገበያ መሄድ፤ ለእግርና ለአንጎል ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት የለም። ቤተ ክርስቲያን ለሰዓታት መቆም፣ መስገድና መነሳት። የእስልምና እምነት ተከታይ የሆነችው ጓደኛዬም አያቷ በቀን አምስት ጊዜ ጎንበስ ብለው፣ ግንባራቸውን ምድር አስነክተው እንደሚነሱ ስትነግረኝ ያው ነገር ነው አልኳት። አምልኮው ለፈጣሪ ነው፤ አካልም ግን የራሱን ድርሻ ያገኛል።

መቋሚያን ደግሞ ተመልከቱ። የሚመስለን ክብደት ለመሸከም ብቻ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ሰው ጣቱን አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ በጣም በቀላሉ፣ ሊደግፈው በማይችል ኃይል እንኳ ሲያሳርፍ መወዛወዙ ይቀንሳል። ጣት ወሬ አመጣች ማለት ነው። ስለዚህ መቋሚያም ሆነ ከዘራ ድጋፍ ብቻ ሳይሆን መሬትን የሚያዳምጥ ተጨማሪ እግር ነው። አያቴ ከዘራ የተባለውን ነገር ‹‹አርጅታለች እንዲሉኝ ነው›› ብለው እምቢ ብለው ነበር። ይህን ስነግራቸው ‹‹እንዲህ ከሆነማ አምጪው›› አሉ።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ ልምጣ። ‹‹እማማ መንቀሳቀስ አለባቸው›› ብዬ ቤት ውስጥ ስናገር እናቴ ‹‹ልትገድያት ነው?›› አለችኝ። እናቴ ሞኝ አይደለችም። ቀን ቀን የሰው አገር ሽማግሌዎችን ስትንከባከብ የምትውል ሴት ናት። ዳሌው ተሰብሮ ያልተመለሰ ሰው አይታለች። ፍርሃቷ እውነት ነው፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 684,000 ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። እዚህ አሜሪካም ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆኑ ሰዎች ከአራቱ ቢያንስ አንዱ በዓመት ውስጥ ይወድቃል፤ ለሐኪሙ የሚናገረውም ከግማሽ በታች ነው። ሌላም ፍርሃት አለ፤ እሱን እናቴ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ‹‹ሰው ቤታችን ገብቶ እሷ ቆማ ቡና ስትቀዳ ቢያይ፣ እናቷን ታሠራለች ነው የሚለኝ።››

ሁለቱንም ፍርሃት አከብራለሁ። ለመጀመሪያው መልስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኮክሬን የተባለው የምርምር ገምጋሚ ተቋም 108 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ፣ የአካል ብቃት ልምምድ የአረጋውያንን የመውደቅ ብዛት በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በተለይ የሚጠቅመው ሚዛንን የሚፈትንና እንደ መነሳትና መቀመጥ ያለ የዕለት እንቅስቃሴን የሚያሠራው ነው። ማንም ግን ‹‹ልቀቋቸውና ይሩጡ›› አላለም። መጀመሪያ ሐኪም ያያቸዋል። መድኃኒታቸው ይታያል፤ የእንቅልፍ ኪኒንና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት ሚዛንን ያውካሉ። መነጽራቸው ይታደሳል። ኮሪደሩ ላይ የሌሊት መብራት ይተከላል፣ የሚንሸራተተው ምንጣፍ ይነሳል፣ ነጠላ ጫማው ተረከዝ በሚይዝ ጫማ ይለወጣል፣ መታጠቢያው ላይ መያዣ ብረት ይገጠማል። ከዚያ በኋላ ነው ልምምዱ የሚመጣው፤ እሱም ሰው አጠገባቸው ቆሞ።

ለሁለተኛው ፍርሃት፣ ለ‹‹ምን ይሉናል››፣ መልሱ ያለው ከእኛ ከሁላችን ዘንድ ነው። እንግዳ ሆነን ስንገባ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ሊነሱልን ሲሞክሩ ሮጠን ከመጫን፣ ጠጋ ብለን ክንዳችንን ብንሰጥና ሲነሱ ብንጠብቃቸው ምን አለበት? ሰላምታውም ይደርሳል፣ እግርም አይረሳም።

ከውጭ ላደግን ልጆች ሌላ የቤት ሥራም አለን፤ አስተርጓሚዎቹ እኛ ነንና። አያቴ ሐኪም ፊት ‹‹ያዞረኛል›› ሲሉ እኔ ለዓመታት በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ተርጉሜ ጨርሻለሁ። አማርኛው ግን ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አሁን እጠይቃለሁ፦ ‹‹ቤቱ ነው የሚዞርብዎት? ሲነሱ ዓይንዎ ነው የሚጨልመው? ወይስ ራስዎ ደህና ሆኖ እግርዎን ነው የማያምኑት?›› ቤቱ የሚዞር ከሆነ፣ በተለይ አልጋ ላይ ሲገለበጡ፣ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከውስጠኛው ጆሮ ነው፤ ጠጠሮቹ ከቦታቸው ወጥተው ሊሆን ይችላል፣ ይህም ሐኪም ጭንቅላትን በሥርዓት በማዞር ብዙ ጊዜ የሚያስተካክለው ነው። ሲነሱ የሚጨልም ከሆነ የደም ግፊት መውረድ ሊሆን ይችላል። እግር የማይታመን ከሆነ ነርቭ ይታያል። ሦስት የተለያየ መንገድ፣ ሦስት የተለያየ ሕክምና። አንድ ቃል አሳንሰን ስንተረጉም ሁለቱን መንገድ እንዘጋለን። ሐኪሙ አማርኛ ስለማያውቅ ሊጠይቀን አይችልም፤ እኛ ነን የምናውቀው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየዓመቱ የባህል ምሽት እናዘጋጃለን፣ እስክስታ እንጨፍራለን፣ እንጀራ እንሸጣለን፤ ደስ ይላል። ግን ከመካከላችን ነርሲንግ፣ ፊዚዮቴራፒና ፋርማሲ የሚማሩ ብዙ ነን። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ፈቃድ ካለው ባለሙያ ጋር ሆነን፣ ወላጆቻችን በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ብንገኝስ? የሚያስፈልገው ጠንካራ ወንበር፣ ጥሩ ብርሃንና ትዕግሥት ነው። ከወንበር ያለ እጅ መነሳትና መቀመጥ፤ ወንበሩን ይዞ አንድ እግር ማንሳት፤ በአንድ መስመር ተረከዝን ከጣት ጋር እያገናኙ መራመድ። ሙዚቃ ከተጨመረበት ማንም ልምምድ ነው አይለውም። እኛም የጠፋብንን አማርኛ እናገኛለን።

አያቴ ሐኪም ፈቅዶላቸው ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ከጀመሩ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ተአምር አልሆነም። የእግራቸው ጣት አሁንም ክሩን አያውቀውም። ግን ከሶፋ ብቻቸውን ይነሳሉ። ኮሪደራችን ላይ ሌሊት ትንሽ መብራት ይበራል። ሳሎኑን በከዘራቸው ሲያቋርጡ እናቴ እስካሁን ትንፋሿን ይዛ ታያቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ ‹‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል›› እያሉ ይስቁባታል።

ባለፈው እሑድ ጀበናውን ከእጄ ተቀበሉኝ። በርጩማው ለጊዜው ዝቅ ስለሚልባቸው ከፍ ያለ ወንበር አቀረብኩላቸው። አፈሉ፣ ቀዱ፣ ሦስት ጊዜ ተቀመጡ፣ ሦስት ጊዜ ተነሡ። ጎረቤት እንግዳ ነበረችና ከልማዷ ‹‹ኧረ እማማ ቁጭ ይበሉ!›› አለች። እናቴ ቀደመቻት፦ ‹‹ተያት፣ ትነሳ።››